«እጅግ በጣም ጥሩ» ብለን የፈረምነው እኛ ነን

በሴሚስተሩ ማብቂያ ላይ አንድ ቅጽ ይታደላል። «መምህሩ ኮርሱን በአግባቡ ሸፍኗል?» «በሰዓቱ ይገኛል?» «ለጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣል?» ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ ይላል። እኔ የማስተርስ ተማሪ ሳለሁ፣ በሴሚስተሩ ውስጥ አምስት ጊዜ ብቻ ብቅ ላለ፣ በመጣም ቀን እኛኑ «ፕሬዘንቴሽን» እያስቀረበ ለሚውል መምህር 5 ሰጥቻለሁ። 5 ማለት «እጅግ በጣም ጥሩ» ማለት ነው። ከጎኔ የተቀመጠውም 5 ሰጠ። ከዚያ ወጥተን ማኪያቶ አዘዝንና ሁለት ሰዓት ሙሉ አማነው።

ይህን የማነሳው ንስሐ ለመግባት አይደለም። ስለ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ጥራት ሲወራ የሁላችንም ጣት ወደ ሌላ ሰው ስለሚቀሰር ነው። መምህሩ «የሚመጡልን ተማሪዎች አንድ አንቀጽ አስተካክለው መጻፍ አይችሉም» ይላል። ተማሪው «የሚያስተምር የለም» ይላል። ዩኒቨርሲቲው «በጀት የለም» ይላል። ሚኒስቴሩ ፈተና ያወጣል። ሁሉም ከእውነቱ ቁራሽ ቁራሽ ይዘዋል። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን በዓይኑ የሚያየው ተማሪ ያየውን በሚጠየቅበት ወረቀት ላይ ለምን አይጽፍም?

የሚያየው እኮ ቀላል አይደለም። የትኛው ኮርስ ከዓመት ዓመት በአንድ ሀንድአውት እንደሚሰጥ ያውቃል። የትኛው አማካሪ ርዕሱን እንኳ እንደማያስታውስለት ያውቃል። ከክፍል ጓደኞቹ ቴሲሱን ማን እንዳስጻፈና በስንት እንደተዋዋለ ያውቃል። ስድስት ኪሎ አካባቢ በእግሩ የሄደ ሰው፣ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ «ፕሮፖዛልና ቴሲስ እናማክራለን» የሚል ወረቀት አይቶ ያውቃል። «ማማከር» ምን ማለት እንደሆነ ሊስትሮውም አይጠፋውም። ዛሬ ገበያው ወደ ቴሌግራም ተሻግሯል። ለአማካሪ ነኝ ባይ የሚከፍለው ያጣ ደግሞ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያዝዛል። የማያነብ አማካሪ የማን ጽሑፍ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለረጅም ጊዜ ተማሪው ጥቂት ነበር። ከ2000ዎቹ ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲ ላይ ተከፈተ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ መምህር ያስፈልግ ነበርና ማስተርስና ፒኤችዲ በብዛት ይመረት ተባለ። መስፋፋቱን አልቃወምም። እንደኔ ያለው የደሃ ልጅ በዚያ በር ነው የገባው። ግን ተማሪው ሲበዛ አማካሪው አልበዛም። የተገኘው መፍትሔም ምክሩን ማሳነስ ሆነ።

ይህ የእኛ የወረቀት ባለቤቶች የግል ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። የዛሬው የማስተርስ ተማሪ የነገ ሌክቸረር ነው። ሌክቸረሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩን ያስተምራል፤ ያ መምህር ደግሞ ታናሽ እህታችንን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር አገር ጉድ አለ። ልጆቹን «ኮራጅ ትውልድ» ብሎ የሰደበም ነበር። የልጆቹን መምህራን ማን አስተማራቸው ብሎ ወደ ላይ የተመለከተ ግን ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተደርጎለታል። ለማስተርስ ደግሞ የመግቢያ ፈተና አለ። በመግቢያውና በመመረቂያው መካከል የሚሆነውን ግን የሚጠይቅ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

«ተማሪ ምን ያውቃል? የሚያጠብቀውን ይጠላል፣ ግሬድ የሚያድለውን ይወዳል» የሚል ክርክር አለ። እውነትነት አለው። ግን መምህሩ መጣ ወይስ አልመጣም ለማለት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ረቂቅ ምዕራፍ ካስገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ ብሎ ለመቁጠር የቀን መቁጠሪያ ይበቃል።

ዝም የምንለው ባለማወቅ አይደለም፤ በፍርሃት ነው። የሚያስተምረኝ፣ ግሬድ የሚሰጠኝ፣ ቴሲሴን የሚያማክረኝና በዲፌንስ ቀን ከፊቴ የሚቀመጠው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ደግሞ ከደርዘን ብዙ አንበልጥም፤ ማን ምን እንደጻፈ በእጅ ጽሑፉ ይለያል። በዚህ ላይ የጥቅም ጉዳይ አለ። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሑድ የምንማረው ለእድገት የሚሆን ወረቀት ፈልገን ነው። ያልመጣ መምህር ለደከመ ሠራተኛ እረፍት ነው። እሱ ላያስተምር፣ እኛም ላንማር ሳንፈራረም ተስማምተናል። ከዚህ ስምምነት ውጪ የቀረው መማር የፈለገው ምስኪን ነው፤ ጥያቄ ሲያበዛ «አታካብድ» የምንለውም እኛው ነን።

ምን ይደረግ? ከሰማይ የሚወርድ ነገር አልጠይቅም። ቅጹ ግሬድ ከተለቀቀ በኋላ፣ ያለ ስም፣ በኮምፒውተር ይሞላ። የየኮርሱ ድምር ውጤት ለተማሪው ይፋ ይሁን፤ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ግምገማ ግምገማ አይደለም። አንድ አማካሪ የሚይዘው ተማሪ ልክ ይኑረው። ተማሪና አማካሪ በተገናኙ ቁጥር ቀኑና የተባለው ይመዝገብ፤ ያ መዝገብ ሳይቀርብ ዲፌንስ አይያዝ። ቴሲስ የሚገዛውም ያኔ ይቸገራል፤ ያልጻፉትን ምዕራፍ አንዴ መከላከል ይቻል ይሆናል፣ በየወሩ መከላከል ግን ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ቅጹ አሁንም ይታደላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ ደብቀን ብቻ አላበቃንም፤ «ጤነኛ ነው» ብለን ፈርመንለታል። ጎበዝ፣ በዚህ ሴሚስተር 2 የሚገባውን 2 እንስጠው። 5 የሚገባውም ሞልቷል። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እየተሯሯጠ፣ ሌሊት ረቂቃችንን በቀይ እስክሪብቶ የሚያርመውን መምህር እኮ ከቀሪው ጋር አንድ ያደረግነው እኛ ነን።