እድር ለሞት አለን፣ ለዕቃ ግን የለንም

«ድሃ የሚሆነው የማይሠራ ሰው ነው» የሚለው ነገር በእኛ በነጋዴዎች ዘንድ ቶሎ ተቀባይነት ያገኛል። አይገርምም። አብዛኞቻችን በሻንጣ ይዘን በተሻገርናት ዕቃ ጀምረን ነው ሱቅ ላይ የደረስነው። ኢስሊ ውስጥ ያለውን ባለሱቅ ሁሉ ጠይቁት፤ ታሪኩን «እኔ እንቅልፍ አላውቅም ነበር» ብሎ ይጀምርላችኋል። እውነቱን ነው። ግን እንቅልፍ የማያውቁ ሌሎችም አሉ። ሞያሌ ላይ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሸክማ ወዲህና ወዲያ የምትመላለሰው እናት ከአሥር ዓመት በፊትም ትሸከም ነበር፣ ዛሬም ትሸከማለች። ድካም ብቻውን ሀብት የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ እሷን የሚቀድማት ባልተገኘ ነበር።

እንግዲያው ልዩነቱ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ አንዱ ሲወድቅ የሚነሳበት አለው፣ ሌላው የለውም። ጥረቱማ ብዙ ጊዜ እኩል ነው።

እሳትን እንውሰድ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል እሳቱ ትልቁን ከትንሹ አልለየም። እዚህ ናይሮቢም ጊኮምባ ገበያ ስንት ጊዜ እንደተቃጠለ ታውቃላችሁ፤ በሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. በደረሰው ቃጠሎ 15 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ እሳት ሲነሳ ኢንሹራንስ የገባ፣ በሌላ ሰፈር መጋዘን ያለው፣ ወይም ባንኩ የብድሩን ጊዜ የሚያራዝምለት ነጋዴ ክፉ ዓመት አሳለፈ ይባላል። ዕቃውን በዱቤ አውጥቶ መደብ ላይ የዘረጋው ግን ከነዕዳው ሜዳ ላይ ይቀራል። እሳቱ አንድ፣ ዋጋው ሁለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ «ይኼኛው ጎበዝ፣ ያኛው ሰነፍ» የሚል ሰው አይጠፋም።

ዶላሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ወደ እጥፍ። ከባንክ የተፈቀደለት አስመጪና ከመንገድ የገዛ ትንሽ ነጋዴ ያንኑ ዕቃ አምጥተው በአንድ ገበያ ሲሸጡ፣ የመጀመሪያው ያተረፈው በጉብዝናው ነው ማለት ለጆሮም አይመችም። ዛሬ ያ ልዩነት ከበፊቱ ጠብቧል፣ ደግ ነው። በዚያ ዘመን የተሠራው ፎቅ ግን እንደቆመ ነው፤ ባለቤቱም ስለ ትጋት ይመክረናል።

መልካሙንም እንናገር። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ድረስ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ዝናብ ሲጥል የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ቀናት ይቆም ነበር። የሚበላሽ ነገር የጫነ ሰው ጸሎቱ ብዙ ነበር። አስፋልቱ ሲገባ ያው ነጋዴ፣ ያው ጉልበት፣ ያው ጭንቅላት፤ ትርፉ ግን ሌላ ሆነ። በአንድ ሌሊት ትጉህ ሆኖ አይደለም።

ይህን ስል «ሁሉም የሥርዓቱ ጥፋት ነው» ከሚሉት ወገን እንዳትመድቡኝ። የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት ገንዘቡን በድግስ ጨርሶ፣ ዋሱን አስለቅሶ ስልኩን ያጠፋ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እሱን ያጠፋው መንግሥትም ካፒታሊዝምም አይደለም። ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ። ሆኖም እቁብ ራሱ የሚሠራው ለምን እንደሆነ ልብ በሉ፦ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው፣ ቀን አለው፣ የሚያፍሩት ሰው አለ። ቆጣቢ የተባልነው ብቻችንን ሆነን አይደለም።

ኬንያ ውስጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ምርጫ ስለ «ሃስለር» ብዙ ተባለ፤ ዊልያም ሩቶም ካሸነፉ በኋላ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሃስለር ፈንድን ጀመሩ። ብድሩ ከ500 እስከ 50,000 ሺሊንግ፣ ወለዱ በዓመት 8 በመቶ። በወር 10 በመቶ አራጣ የሚከፍል ሰው በዓመት 120 በመቶ ነው የሚከፍለው፤ ስለዚህ ሐሳቡን አልንቅም። ግን የኬንያ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ ከእኛ ብዙዎቹን ውጭ ያስቀራል። 500 ሺሊንግም ቢሆን የተቃጠለ መደብ አይሞላም።

ስለዚህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ሰው ሲሞትብን ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው፣ ገንዘቡ በሰዓታት ውስጥ ይቀርባል። «በምን ሞተ? ሲጋራ ያጨስ ነበር እንዴ?» ብሎ ክፍያ የከለከለ እድር አላየሁም። ያው ሰው በሕይወት እያለ ዕቃው ሲወድምበት ግን በመጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለን ነው። ሲሞት የማንጠይቀውን በቁሙ የምንጠይቅበት ምክንያት አይገባኝም።

እኔ የማቀርበው ቀላል ነገር ነው። ሠላሳ ሰው ያለበት እቁብ በየሳምንቱ ከመደበኛው መዋጮ በላይ በነፍስ ወከፍ 50 ሺሊንግ ቢጨምር፣ በሳምንት 1,500፣ በዓመት 78,000 ሺሊንግ ይሆናል። ሱቅ አይከፍትም። የአንዲትን እናት መደብ ግን እንደገና ይሞላል፣ ከአራጣ አበዳሪም ደጃፍ ያስቀራታል።

«ሰው ይዘናጋል፣ ዕቃውን አይጠብቅም» የሚሉ አሉ። ለድንኳኑ ብሎ የሞተ ሰው ግን የለም። ደግሞም የጠፋውን ግማሽ ብቻ መክፈል ይቻላል፤ የገበያ ጎረቤቶቿ ይመስክሩ፣ ዋስም ይጠራ። ይህን ሥራ ከማንም ባንክ በላይ እናውቅበታለን።

የሚከብደው ኬላ ላይ የተወረሰ ዕቃ ነው። ኮንትሮባንድ ጭኖ ለተያዘ ሰው መክፈል የለብንም፤ ቀረጡን የከፈለው የማይከፍለውን ኢንሹራንስ ሊያደርግለት ነው እንዴ? ግን ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥ ብሏት ትንሽ ዕቃዋን የተነጠቀችውስ? እኔ ዳኞቹ ጉዳይዋን ይስሙላት ባይ ነኝ። በእኛ እቁብ ሐሳቡ ቀርቦ እስካሁን የተስማማነው በእሳት፣ በጎርፍና በመኪና መገልበጥ ላይ ብቻ ነው። 50 ሺሊንጓን አጥብቆ የተቃወመው ደግሞ ከሁላችንም ትልቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የኬላውን ነገር በሚቀጥለው ዕጣ ቀን እንነጋገርበታለን፤ የእናንተ እቁብ እንዲህ ያለውን እንዴት እንደፈታው ብትጽፉልን ይጠቅመናል።