ወረንጦና ምጣድ



በቡሬ ገጠር አንዲት የተማሪ እናት ወረንጦ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አየሁ። የዓይን ማዝ (ትራኮማ) የዓይን ቆባቸውን ወደ ውስጥ አጥፎት ሽፋሽፍታቸው ብሌናቸውን ይወጋል፤ ቢነቅሉትም ተመልሶ ይበቅላል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሽታው ከሁሉ በላይ የበዛው በአማራ ክልል ነበር።

«ስለ ምን አልታከሙም?» ብላቸው፥ «እንጀራውን ማን ይጋግራል?» አሉኝ።

ሕክምናው አጭር ነው። በመርፌ ደንዝዞ የሚቀደደው ቆቡ እንጂ ዓይኑ አይደለም። ዓይኑ ታስሮ ያድራል፤ የተሰፋበትም ክር አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይወጣል። እስከዚያ ከጢስና ከአቧራ መራቅ ግድ ነው። የጠፋ ብርሃን በዚህ አይመለስም፤ የቀረው ግን ይጠበቃል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ እነዚያን ጥቂት ቀኖች ምጣዱን እናንተ ጣዱ። እናትን ማክበር ከጢሱ ማራቅም ነውና።