«ተኝቷል» አትበሉን!

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። በሽታው ራሱ ሲደበቅስ? ያኔ ማን ይጠየቃል?

እኛ «የሚጥል በሽታ» ብለን ስም አውጥተንለታል። ስሙ ግን የእውነቱን ግማሽ ይሸፍናል። ለመሆኑ ቀድሞውኑ አልጋ ላይ የወደቀን ሰው ምን ይጥለዋል? ጭንቅላቱን የተመታ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ፣ ራሱን ስቶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባ አዋቂ፣ አረፋ ሳይደፍቅና ሳይንፈራገጥ አንጎሉ በኤሌክትሪክ ነውጥ ለሰዓታት ሊናጥ ይችላል። ቤተሰብ ሲጠይቅ መልሱ «ተኝቷል» ነው። ምን ያለው እንቅልፍ ነው እባካችሁ!

ወሬ አይደለም። የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ኢ.ኢ.ጂ በሚባለው መሣሪያ የአንጎል ሞገዳቸው ያለማቋረጥ ከተመዘገበ 570 በጠና የታመሙ ሰዎች መካከል 110ሩ ላይ ነውጡ ተገኘ። ከ110ሩ ደግሞ 101ዱ ላይ ነውጡ ያለ አንዳች መንፈራገጥ የመጣ ነበር! ታዲያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ለክቶ «ምንም የለበትም» ብሎ መሸኘት ምን የሚሉት ምርመራ ነው?

«ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሞገድ የሚያነብ ስፔሻሊስት ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ! መልስም አለው። ኮምፒዩተሩ የሞገዱን ፍጥነትና ጉልበት በቁጥር እያሰላ የብዙ ሰዓቱን ውጣ ውረድ በአንድ ገጽ የቀለም ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ ድንገት ሲለወጥ የሠለጠነች ተረኛ ነርስ ታያለች፤ ሐኪሙን ትቀሰቅሳለች።

ይህን ስንል ግን የመሣሪያ ነጋዴው እንዳይፈነጥዝ። ሥዕሉም ይዋሻል። ሕመምተኛው ሲያኝክ፣ ሲያልበው፣ ሽቦው ከራሱ ላይ ሲላቀቅ ስክሪኑ በቀለም ይጥለቀለቃል። አጭሩንና ጠባብ ቦታ ላይ የተወሰነውን ነውጥ ደግሞ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ወደ ጥሬው ሞገድ ተመልሶ የሚያረጋግጥ ሐኪም የግድ ነው። መድኃኒት በቀለም አይታዘዝም!

እንግዲህ ጠባችን ከመሣሪያው ጋር አይደለም። ጠባችን መሣሪያ አስገዝቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ነርሷን ሳያሠለጥን ውልቅ ከሚል ሹም ጋር ነው። ያማ «ላም አለኝ በሰማይ» መሆኑ አይደል? ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት ሌሊት ማን እንደሚያየው፣ ማን እንደሚያነበው ይነገረን። እስከዚያው ግን፣ ራሱን ስቶ ያልነቃን ሰው ሞገዱን ሳትመዘግቡ «ተኝቷል» አትበሉን!