እንግሊዝኛ ለኑሮ፦ «እሳቸው» ስንት ሰው ናቸው?

በዛሬው አምዳችን ስለ ስምና ስለ ተውላጠ ስም እንጨዋወታለን። «ይህንንማ አገር ቤት ተምረን ጨርሰነዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያኔ ግን ስሕተቱ የሚያስቀንሰው ማርክ ነበር። እዚህ ኢሚግሬሽን ቢሮና ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ዋጋው ሌላ ነው።

በተውላጠ ስም እንጀምር። አንድ ጥገኝነት ጠያቂ ስለ አባቱ ሲናገር «ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው» አለ እንበል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ወሳጆቹ ብዙ፣ የተወሰዱት አንድ አባት ናቸው። እንዳለ ሲገለበጥ ግን «ዘይ ቱክ ዜም» ይሆናል። ሰሚውም ብዙ ሰዎች ተወሰዱ ብሎ ይጽፋል። በሌላ ቀን «የታሰሩት አባቴ ብቻ ናቸው» ሲል ሁለቱ ቃሎቹ ተጋጩ ማለት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሪል አይዲ» የተባለው ሕግ ደግሞ፣ የአመልካቹን ተአማኒነት የሚመዝነው ሹም የጉዳዩን እምብርት የማይነካ የቃል መጣረስን እንኳ እንዲቆጥርበት ይፈቅድለታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ወንድ የቱንም ያህል ቢከበር «ሂ» እና «ሂም»፣ አንዲት ሴትም የቱንም ያህል ብትከበር «ሺ» እና «ሀር» ናት። «እሳቸው» ጾታ ስለማይለይ፣ በአስተርጓሚ የምትናገሩ ከሆነ «አባቴ»፣ «እናቴ» እያላችሁ ስሙን ደጋግሙት። «ዘይ» ለአንድ ሰው ጨርሶ አይነገርም ማለታችን ግን አይደለም። ጾታው ላልታወቀ፣ «ሂ» ወይም «ሺ» መባልን ለማይፈልግ ሰውም ይነገራል፤ ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። የአክብሮት መጠሪያ ግን አይደለም።

«ታዲያ ትልቅ ሰውን በ‹ዩ› አንተ ልበለው?» ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይጽናና። እንግሊዝኛ ድሮ ለአንተና ለአንቺ «ዛው» የሚል ቃል ነበረው፤ «ዩ» ደግሞ ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው ይነገር ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን «ዛው» ከዕለት ንግግር እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ ፈረንጆቹ የጣሉት አንተን እንጂ አንቱን አይደለም!

ሌላው «ኢት» ነው። እኛ «መኪናዋ ተበላሸች»፣ «ፀሐይ ወጣች» እንላለን። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ኢት» ናቸው። ደግሞም በአማርኛ «መጣ» ስንል ባለቤቱ በግሡ ውስጥ አለ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ኬም» ብሎ ባለቤቱን መጥራት ግድ ነው።

ወደ ስም እንሻገር። የተጸውዖ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይረሳል። ኃይሉን አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል፤ እናንተ ግን በየወረቀቱ ሁሉ በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉት።

ከወል ስሞች «ወንድም» ያደናግራል። አብሮ ያደገ የአጎት ልጅ ለእኛ ወንድም ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «ከዝን» ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው ቅጽ፣ አይ-589፣ ስለ ወንድምና እህት ይጠይቃል፤ እዚያ የአጎትን ልጅ «ብራዘር» ብሎ መሙላት ኋላ ጣጣ ያመጣል።

«ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ» የማይቆጠሩ ስሞች ስለሆኑ መጨረሻቸው ላይ «ኤስ» አይጨመርም። «ፖሊስ» ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ዘ ፖሊስ አር» ይባላል። የመጣው አንድ ከሆነ «ኤ ፖሊስ ኦፊሰር» በሉ።

የሳምንቱ መልመጃ፦ «እማማ መኪናቸው ስለተበላሸች በእግራቸው መጡ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ፍንጭ እንስጣችሁ፦ «ዘይ» ከገባበት ተሳስታችኋል። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።