«ዶክተር፣ ቢላው እኮ አይቆርጥም ነበር!»



ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም፤ ስለ ወጥ ቤት ቢላ ነው የማወራው። «ሐኪም ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ማጀት የገባው?» እንዳትሉኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የበዓል ዋዜማ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም ይሄን ያውቀዋል። መሸት ሲል እጃቸውን በፎጣ ጠቅልለው የሚመጡ ሰዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ነው የተቆረጡት።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ የመጣችውን አልረሳትም። ሥራዋ ሹሩባ መሥራት ነው። የግራ እጇ ሌባ ጣት በውስጥ በኩል ተቆርጧል። ቁስሉ ሲያዩት ትንሽ ነው፣ ሁለት ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ደሙም ቆሟል። «ቶሎ ስፋልኝና ልሂድ ዶክተር፣ ወጡን ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«እስቲ የጣትሽን ጫፍ እጠፊው» አልኳት። ሞከረች፤ እምቢ አለ። ጅማቱ ተቆርጧል ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ቆዳ ሰፍተን የምንሸኘው አይደለም። ኦፕራሲዮን አለው፣ ከዚያ ለሳምንታት ታስሮ መቆየት፣ ከዚያ ፊዚዮቴራፒ። እጇ ወደ ሙሉ ሥራ እስኪመለስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። በጣቶቿ ለምትኖር ሴት የሦስት ወር እንጀራ ሄደ ማለት ነው።

ሪፈር ስጽፍላት ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ዶክተር፣ ቢላው እኮ አይቆርጥም ነበር! እንዴት እኔን ቆረጠኝ?»

ስለማይቆርጥ ነው የቆረጣት።

የተሳለ ቢላ ሽንኩርቱ ውስጥ በትንሽ ግፊት ይገባል። ደነዝ ቢላ ግን ልጣጩ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ እንጫነዋለን። ባልቆረጠ ቁጥር ደግሞ አብዝተን እንጫነዋለን። ሲያመልጥ ያ ሁሉ ጉልበት ጣት ላይ ያርፋል። ቲማቲም የሚያቅተው ቢላ በዚያ ጉልበት ሲመጣ ጣት አያቅተውም። የተሳለ ቢላም ይቆርጣል፣ አልክድም። ልዩነቱ የተሳለው እጃችሁ ወደመራው መሄዱ ነው።

አሁን የራሴን አቋም ልናገር። ስልክ ስንገዛ ካሜራውን አወዳድረን ነው፤ ቴሌቪዥን ስንገዛ ስፋቱን ተከራክረን ነው። ቢላ ግን መንገድ ላይ ዋጋውን ብቻ ጠይቀን እናነሳለን። ለምን? ብሩን የሚያወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ሽንኩርቱን የሚከትፈው ሰው ስላልሆነ ይመስለኛል። ደነዙን ቢላ የምትታገለው እናታችን፣ ሚስታችን ወይ የቤት ሠራተኛችን ናት። ስትቆረጥ ደግሞ «ተጠንቀቂ እንጂ!» እንላታለን። ጥንቃቄው ገበያ ላይ ነበር መጀመር የነበረበት።

ውድ ግዙ አላልኩም። ስትገዙ ግን እነዚህን እዩ፦

1. በሳጥን ስድስትና ስምንት ሆኖ የሚሸጠውን እርሱት። ለዕለት ተዕለት ሥራ ስለቱ ከ18 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚረዝም አንድ ጥሩ ቢላና ለመላጫ አንድ ትንሽ ቢላ ይበቃል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ትልቁ 15 ሴንቲሜትርም ቢሆን ችግር የለውም።

2. ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ መድረሱን አረጋግጡ። ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ተሰክቶ የቀረ ከሆነ አንድ ቀን እጃችሁ ላይ ይነቀላል።

3. ያዙት። እንደምትከትፉ ሆናችሁ ሞክሩት። የጣታችሁ አንጓ ከመክተፊያው ጋር ከተጋጨ ወይም እጀታው በእርጥብ እጅ የሚያዳልጥ ከመሰላችሁ ተዉት።

4. ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ መሄድ አለበት። ወፍራም ቢላ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ሽንኩርቱን ይሰነጥቀዋል።

5. ሲደነዝ የሚሳል ይሁን። «መሳል አያስፈልገውም» እየተባለ የሚሸጠው ጥርሳም ቢላ ለዳቦ ነው። ባለእጆች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላ ጥሩ ስለት ይይዛል፤ ግን ይዝጋል፣ ስለዚህ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት።

ጥሩ ቢላም ካልተሳለ ያው ደነዝ ነው። ቲማቲም ላይ ሞክሩት፤ ሳትጫኑት ልጣጩን ካልቆረጠ የመሳያው ጊዜ ደርሷል። መሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ የሲኒ ቂጥ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሸካራ ክብ ይሠራል፤ ይሄን ብዙ እናቶች ያውቁታል። ቢላውን ጋደም አድርጋችሁ ሁለቱንም ጎን እኩል ሳሉ፣ ከዚያ እጠቡት። ሳህንና እብነ በረድ ላይ አትክተፉ፣ ስለቱን ይበላዋል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ መክተፊያ ተጠቀሙ።

ሌላው ልማዳችን ሽንኩርትን እጅ ላይ ይዞ መክተፍ ነው። እናቴም እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ ስነግራት ትስቅብኛለች። እኔ ግን መናገሬን አልተውም። ለሁለት ሰንጥቁት፣ ጠፍጣፋውን ጎን መክተፊያው ላይ አስተኙት፣ የያዘውን እጅ የጣት ጫፎች ወደ ውስጥ እጠፉ።

«ልጆች ስላሉ ስለታም ቢላ እፈራለሁ» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። መፍትሔው ግን ማደነዝ ሳይሆን ከልጅ ማራቅ ነው። ከማንኪያ ጋር መሳቢያ ውስጥ አትቀላቅሉት፣ አረፋ ውስጥም ዘፍዝፋችሁ አትተዉት።

ከተቆረጣችሁስ? ቀለበት ካለ ቶሎ አውልቁ። በንጹህ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ እየገለጣችሁ ሳታዩ ተጫኑት፣ እጃችሁንም ከፍ አድርጉ። ደሙ ሲቆም በንጹህ ውሃ እጠቡት። የቡና ዱቄት አትነስንሱበት፤ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ለእኛም ማየት ያስቸግረናል። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ አፉን ከከፈተ፣ ጣቱ አልታጠፍ ወይ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ በዓል ነው ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ክትባት ከወሰዳችሁ 10 ዓመት ካለፈም ንገሩን። ቁስሉ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ከሆነ 5 ዓመት ካለፈ ይደገማል።

ያቺ ሴት ኦፕራሲዮን ተደርጋ አሁን ሥራ ጀምራለች። ጣቷ ግን እንደ ድሮው እስከ መጨረሻው አይታጠፍም።

ለሚመጣው በዓል ዶሮና ቅቤ ስትገዙ አንድ ጥሩ ቢላ ጨምሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የምትከትፈዋን ሰው ጠይቋት፤ የሚሻለውን የምታውቀው እሷ ናት። ዛሬ ማታ ደግሞ ማጀት ግቡና ያላችሁን ቢላ ቲማቲም ላይ ሞክሩት። ምን እንደሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለሚከትፍ ሁሉም ሼር አድርጉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!