«ኢኖሰንት» ማን ነው?

«የእንግሊዝኛ መምህሯ ሴት ልጃችንን ‹ኢኖሰንት ነሽ› ብለዋታል፤ እንደሰት ወይስ እንዘን?» ስትል አንዲት የወታደር ባለቤት ጠይቃናለች። ጥያቄው ቀላል መስሎን መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «ንጹሕ» የሚል አገኘን። እናቲቱም ይህን ሳታይ አልቀረችም፤ እርሷን ያላረካት መልስ እኛንም አላረካንም።

የቃሉ ምንጭ ላቲን ነው። ሥሩ «መጉዳት» ማለት ሲሆን ከፊቱ አፍራሽ ምዕላድ ታክሎበት «የማይጎዳ» የሚል ፍች ይሰጣል። ከዚህ ግንድ የበቀሉት ቅርንጫፎች ግን አይመሳሰሉም። ስለ ሕፃን ሲነገር ክፋት ያልነካው፣ ስለ ቀልድ ሲነገር ተንኮል የሌለበት ማለት ነው፤ ስለ ጎልማሳ ሲነገር ግን በቀላሉ የሚታለል የሚል ትርጉም ሊይዝ ይችላል። እንዲያውም በቀደመው ዘመን እንግሊዞች አእምሮው ያልበሰለን ሰው በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። የእኛው «የዋህ» ዕጣም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በጸሎት ስፍራ ምስጋና፣ በገበያ ሽሙጥ ነው።

በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ተከሳሽ በነጻ ሲለቀቅ የሚነገረው «ጥፋተኛ አይደለም» የሚል ቃል እንጂ «ኢኖሰንት ነው» አይደለም። ክሱ አልተረጋገጠም ማለት ነው፤ ድርጊቱን አለመፈጸሙን መመስከር ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ ማንኛውም ተከሳሽ ኢኖሰንት ሆኖ ይገመታል። ይህም በ1948 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 11 ሰፍሯል።

መሣሪያ ለያዘ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ግን የጦርነቱ ፍች ነው። በዜና «ኢኖሰንት ሲቪሎች» ሲባል «ንጹሓን» ብለን እንመልሰዋለን። ቃሉ ባያስከፋም ወደ ጠባይ ምርመራ ይወስዳል። ጎረቤቱን የሚያማው፣ ዕዳውን የማይከፍለው፣ ልቡ ከጠላት ጋር የሆነውስ ሰው? በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች የመጀመሪያ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሲቪሉን ከጥቃት የሚጠብቀው በውጊያ በቀጥታ እስካልተካፈለ ድረስ ነው፤ ልቡን አይመረምርም። እዚህ ላይ ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ የላቲኑ ሥር ይረዳናል።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። የጠፋ ጠመኔ ወስደሻል ተብላ ተወንጅላ እንደ ሆነ መምህሯ ነጻ አውጥተዋታል። ጓደኞቿ ምሳዋን በየቀኑ እየበሉባት ዝም ብላ እንደ ሆነ ግን አዝነውላታል። እናቲቱ ቃሉ መቼና ስለ ምን እንደ ተነገረ ጠይቃ ትጻፍልን።