ያረጀች መኪና፣ ያላረጀ ዋጋ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ በአንድ የመንደር መንገድ ዳር ሦስት ሰዎች በአንዲት ቶዮታ ቪትዝ ዙሪያ ይቆማሉ። አንደኛው ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ድምፅ የሚያዳምጥ መካኒክ ነው፤ ሁለተኛው ስልኩ የማያርፍ ደላላ ነው፤ ሦስተኛው የዓመታት ቁጠባውን ሊያወጣ የመጣ ገዢ፣ ብዙውን ጊዜም መምህር፣ ነርስ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መኪናዋ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የመብራቷ መስታወት የወየበ፣ በቀኝ በሯ ላይ የቆየ ጭረት ያለባት ናት። የምትጠየቅበት ዋጋ ግን ከዕድሜዋ ጋር አብሮ አላረጀም።

ስለዚህች መኪና ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች አሉ። አንደኛው «ነዳጅ አትበላም፣ ዕቃዋ አይጠፋም፣ ስትሸጣትም አትከስርም» የሚለው የገዢዎች ውዳሴ ነው። ሁለተኛው በፖሊሲ ሰነዶችና በስብሰባዎች የሚሰማው፣ ያረጀች መኪና የአደጋ፣ የጭስና የውጭ ምንዛሪ ብክነት ምንጭ ናት የሚለው ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ሁለቱም ግን ዓይናቸውን በብረቱ ላይ ስለሚተክሉ ዋናውን ነገር ይስታሉ። የቪትዝ ማራኪነትም ሆነ አደጋዋ በአመዛኙ የሚመነጨው መኪናዋ ከምትገበያይበት ሥርዓት ነው።

ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ሲነሳ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ቀድሞ የሚያስታውሰው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን ጥናት ነው። አሜሪካውያን ጉድለቷ ከተገዛች በኋላ የሚገለጥ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። የአከርሎፍ ሙግት ግልጽ ነው፦ ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለአማካይ ጥራት የሚመጥን ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ አማካዩም ይበልጥ ይወርዳል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሪ አድርጎታል።

በንድፈ ሐሳቡ መሠረት የአዲስ አበባ ገበያ ከብዙ ጊዜ በፊት በሎሚ ብቻ መሞላት ነበረበት። አልተሞላም። አንዱ ምክንያት ጥሩ መኪና ያለው ሰውም መሸጥ የሚገደድ መሆኑ ነው። ለቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት፣ ወደ ውጭ ለመሄድ የሚሸጥ መኪና ጉድለት ስላለበት የተሸጠ መኪና አይደለም። ሰው መኪናውን እንደ ባንክ ደብተር በሚይዝበት ከተማ ውስጥ መሸጥ ስለ መኪናው ጥራት የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚናገረው ስለ ቤተሰቡ ችግር ነው። አከርሎፍ የገለጸው ገበያ ባለቤቶች መኪናቸውን የሚሸጡት በዋናነት ስለ መኪናው ባላቸው ዕውቀት ተመርተው እንደሆነ ያስባል፤ እዚህ ግን ከዕውቀቱ ይልቅ የገንዘብ ፍላጎቱ ይገፋል።

መኪና እንዴት የባንክ ደብተር እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይበቃል። የመጀመሪያው የወለድ ምጣኔ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲያደርግ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። በባንክ የተቀመጠ ብር በዓመት ውስጥ አንድ አምስተኛ የሚያህል የመግዛት አቅሙን ያጣ ነበር ማለት ነው። ደመወዝተኛው ቦታ መግዛት አይችልም፤ ዶላር መያዝ አይፈቀድለትም፤ ቪትዝ ግን ይገዛል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በጥቂት መቶ ሺህ ብር የተገዛች መኪና ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ስትሸጥ ባለቤቷ ያተረፈ ይመስለዋል። አብዛኛው «ትርፍ» ግን የብሩ መቅለል ነው፤ መኪናዋ በጥሩ ሁኔታ የሠራችው ሥራ ባለቤቷን ካለበት አለማውረድ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም።

ሁለተኛው ግብር ነው። በቀድሞው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 የሞተሩ መጠን እስከ 1,300 ሲሲ የሆነ መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ከተማው በቪትዝ የተሞላበት ምክንያት በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ ይነበባል፤ የ1,000 ሲሲ ሞተር የገዢው ምርጫ ከመሆኑ በፊት የሕጉ ምርጫ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 አቅጣጫውን ለወጠ። አዲስና ትንሽ ሞተር ላለው መኪና ታክሱን ወደ 5 በመቶ አወረደ፤ ላገለገለ መኪና ግን በዕድሜው ልክ እያሳደገ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። ዓላማው ያረጀ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ነበር፤ ተሳክቷልም። ነገር ግን አዋጁ የሠራው በበሩ ላይ ነው። ከበሩ ውስጥ ቀድመው የገቡት መኪኖች ተተኪ በማጣታቸው ዋጋቸው ወጣ፤ ባለቤቶቻቸውም ቀድሞ ይጥሏቸው በነበረበት ዕድሜ ላይ መጠገንን መረጡ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ሲያሳውቅ የቤንዚን መኪኖች ቁጥር የተዘጋ መዝገብ ሆነ። የኩባን አሮጌ አሜሪካውያን መኪኖች እንደ ቱሪስት ፎቶ ብቻ የሚያዩ ሰዎች የዚህን ዓይነት መዝገብ ፍጻሜ ቢመለከቱት ይጠቅማቸዋል፤ መግቢያው ሲዘጋ የውስጡ ዕድሜ ይረዝማል።

ለማራኪነቷ ተገቢው ዋጋ ይሰጣት። ቪትዝ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ ስትቀርብ የታሰበችው ለከተማ የዕለት ተዕለት መንገድ ነበር፤ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ የተሸጠችውም እርሷው ናት። የትንንሾቹ ሞተሮቿ የጊዜ ማስተላለፊያ ሰንሰለት ስለሆነ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር ቺንጋ የማስቀየር ጣጣ የለባትም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ብዛቷ ነው። ብዙ ስለሆነች በየሰፈሩ ያለ ጋራዥ ያውቃታል፤ ያለ መመሪያ መጽሐፍ ይፈታታል፤ ካንዴላም ሆነ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮንም ሆነ የበር መስታወት ሶማሌ ተራ ወርዶ በአንድ ከሰዓት ይገኛል። ከእርሷ በዘር የምትሻል፣ ግን በከተማው ውስጥ ሃምሳ ብቻ ያላት መኪና አንዲት የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስትበላሽባት ለወራት ትቆማለች። ስለዚህ ገዢ «ጥሩ መኪና» ሲመርጥ የሚመርጠው ከመኪናዋ ጋር የተገነባውን የሰው ዕውቀት ጭምር ነው። ለሽምግልና የሚሄዱ ሽማግሌዎች ከቪትዝ ሲወርዱ የሙሽሪት ወገን ፊት ትንሽ እንደሚቀዘቅዝ ይነገራል፤ ይህ ወጪ በየትኛውም የጥገና ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

መልክ አለማማሯም ጥቅም አለው፤ ይህ ግን እምብዛም አይነገርም። ጎረቤት «ቀለም እንኳ አላስቀባትም» ብሎ የሚንቃት መኪና ለገዢ ከተቀባችው ይልቅ ታማኝ ናት። ጭረቱ በቦታው ያለ፣ የመጀመሪያው ቀለም ያልተነካ በር ከሥሩ ስቱኮ እንደሌለው ይመሰክራል። ለሽያጭ ተብላ ትናንት የተቀባች፣ ወንበሯ አዲስ ልብስ የለበሰ፣ ሞተሯ በነጭ ጋዝ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ መኪና ግን የዘይት ልቅታዋን፣ የተጠጋገነ ላሜራዋን፣ ያለፈ ግጭቷን ሁሉ ሸፍና ትመጣለች። መረጃ በሌለበት ገበያ ውስጥ ጌጥ የመረጃ ማጥፊያ ነው። ገዢዎች ለማማር ተጨማሪ ብር ሲከፍሉ ሻጮችን ማስረጃ እንዲያጠፉ እየከፈሏቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉድለቷ ግን ከጭረት ይጠልቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ስለሚቀንስ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ከመጀመሪያውም 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት መኪና አራት ሰው ጭና ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ የምትለምነው ለዚህ ነው። ውሃም በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ወይም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፋንታ የቧንቧ ውሃ ከተሞላ ሞተሩ የሚቃጠለው ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ቀድሞ ነው። በዚህ ከተማ የብዙ ሞተሮች መውረድ የሚጀምረው በዋጋ ከሁሉ ትንሿ በሆነችው በዚያች ክዳን ነው።

ከዚህ የሚከፋው የማይታየው ነው። ጃፓን በመንገድ ግራ በኩል የሚነዳባት አገር ስለሆነች ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። መሪን ማዛወር ዳሽቦርዱን መፍታት፣ የመሪውን ማስተላለፊያና የፍሬን ፔዳሉን ማዞር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን መቀጠል ይጠይቃል። ሥራው በጥሩ እጅ መሠራቱን፣ የአየር ከረጢቱም ወደ ቦታው ተመልሶ መገናኘቱን ከውጭ በማየት ማወቅ አይቻልም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው የአየር ከረጢት ማንፊያዎች ከጊዜ ብዛት፣ ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሣ ሲፈነዱ ብረት እንደሚረጩ ከታወቀ በኋላ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለለውጥ ተጠርተዋል፤ ቪትዝና ያሪስም በተወሰኑ የምርት ዓመቶቻቸው በጥሪው ውስጥ ነበሩ። ጥሪ የሚደርሰው ግን አድራሻው ለታወቀ ባለቤት ነው። በሦስት አገሮችና በአምስት ባለቤቶች እጅ ያለፈች መኪና አድራሻ የላትም።

ባለቤትነቷም እንደ አድራሻዋ የላላ ነው። የስም ማዛወሪያ ወጪንና እንግልትን ለመሸሽ ሲባል ብዙ መኪኖች በውክልና ይሸጣሉ፤ ገዢው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም ይቆያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ምቹ አይደለም። ወካይ ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለም ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል። ስለዚህ ገዢው ከፍሎ ከሚነዳት መኪና ጋር ከሟች ወራሾች ፊት ሊቆም ይችላል። ሻጩስ? በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ያሽከረከረው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ከሦስት ዓመት በፊት ሸጦ የረሳት መኪና እግረኛ ስትገጭ የክስ መጥሪያው ስሙ በመዝገብ ወደቀረው ሰው ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። ሁለቱም የሸሹት ወጪ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

መድኅኑም ቀዳዳ አለው። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ለሌላው ሰው የሚሆን ነው፤ የቤተሰቡ ቁጠባ የሆነችው መኪና ራሷ ብትጠፋ አይተካትም። ሙሉ መድን የገባም ቢሆን ውሉን በሁለት ዓመት በፊት ዋጋ ካደሰ የሚያገኘው ካሳ ሌላ ቪትዝ አይገዛም። ዋጋዋን ያቆመላት የሕግ ግድግዳ መሆኑም አይዘነጋ፤ በከተማው እየበዙ ያሉት ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ያገለገሉት በብዛት መሸጥ ሲጀምሩ፣ ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ማለፉን ያየ ገዢ በዚያው ብር የትኛዋን እንደሚመርጥ ማሰብ ይቻላል። ቁጠባውን ሙሉ በሙሉ በአንዲት ቪትዝ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ሳያውቀው በአንድ መመሪያ ዕድሜ ላይ እየተወራረደ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል በቀላሉ ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎለት ቦሎ ይለጠፍለታል። ምርመራው የሚያገለግለው ለዚያ ዓመት ፈቃድ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በብሪታንያ ግን የሰሌዳ ቁጥር ያለው ማንኛውም ሰው የአንድን መኪና የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ፣ ያለፈችበትን፣ የወደቀችበትንና በየዓመቱ የተነበበውን ኪሎ ሜትር በነጻ ያያል። ኪሎ ሜትር መመለስ የሚያዋጣው የአምናው ንባብ የሚታይበት ቦታ ሲጠፋ ነው። እዚህም መርማሪው ቆጣሪውን አንብቦ፣ የሻሲ ቁጥሩን አመሳክሮ፣ የመሪ መዛወርንና የአየር ከረጢት መብራትን ጨምሮ በአንድ ቋት ላይ ቢመዘግብ፣ ገዢም በሊብሬው ቁጥር ያንን ማየት ቢችል፣ የሚያስፈልገው አዲስ ላቦራቶሪ ሳይሆን አሁን በየዓመቱ የሚሠራውን ሥራ አለመጣል ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በመንገድ ዳር የቆመው መካኒክ ያን ጊዜም ጆሮውን ወደ ሞተሩ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ደላላው ግን «ኪሎ ሜትሯ ኦሪጅናል ነው» ከማለቱ በፊት ስልኩን አውጥቶ ማየት ይኖርበታል።